ድምፅ አልባው ፊልም ዝም ብሎ አያውቅም

የፈረንጆቹ ኦክቶበር ሊያልቅ ሲል፣ ሰዎች በአስፈሪ ነገር በሚጫወቱበት በሃሎዊን በዓል ሰሞን፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች ለየት ያለ ማስታወቂያ ይለጠፋል። መቶ ዓመት ያለፈው ጥቁርና ነጭ ፊልም ሊታይ ነው። ፖስተሩ ላይ ራሰ በራ፣ ጆሮው የሾለ፣ ጥፍሩ የረዘመ ሰውዬ ቆሟል። ከሥሩ «ከቀጥታ ሙዚቃ ጋር» ይላል። ቦታው አንዳንዴ የድሮ ቴአትር ቤት፣ አንዳንዴም ጭራሽ ካቴድራል ነው።

በእነዚህ ከተሞች የምትኖሩ ማስታወቂያውን አይታችሁ «ፊልሙ ድምፅ ከሌለው ሙዚቀኛው እዚያ ምን ይሠራል?» ብላችሁ ይሆናል። መልሱ ብዙዎቻችን ስለ ድሮ ፊልም ያለንን ግምት ይገለብጠዋል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፊልሙ ድምፅ ከሌለው ሙዚቃው ከየት መጣ?

ድምፅ አልባው ፊልሙ ነው እንጂ አዳራሹ አይደለም። የፊልሙ ጥቅል የሚይዘው ምስል ብቻ ነበር። ድምፅን ከምስል ጋር አጣጥሞ ለአንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው የሚያሰማ መሣሪያ ገና አልተስፋፋም። ስለዚህ ድምፁን የሚያዋጣው ፊልሙን የሚያሳየው ቤት ነበር።

ጨርቅ ገዝቶ ልብስ እንደ ማሰፋት አስቡት። ጨርቁ ለሁሉም አንድ ነው። ስፌቱ ግን በየሰፈሩ ልብስ ሰፊ እጅ ነው። ትልቅ ከተማ ውስጥ ያለ የቅንጦት ሲኒማ ቤት ሙሉ ኦርኬስትራ ይቀጥራል። አነስ ያለው ቫዮሊን፣ ፒያኖና ከበሮ ይበቃዋል። የገጠር ከተማው ደግሞ አንድ ፒያኖ የምትጫወት ልጅ ካገኘ ተመስገን ነው። በጃፓን ከሙዚቀኞቹ ሌላ «ቤንሺ» የሚባል ተራኪ ከስክሪኑ አጠገብ ቆሞ ታሪኩን ይተርክ፣ የገጸ ባሕርያቱንም ድምፅ እየቀያየረ ይናገር ነበር። አንዱ ፊልም በሁለት ከተማ ሁለት ዓይነት ፊልም ነበር ማለት ይቻላል።

ግን ሙዚቃው ለምን አስፈለገ? ምስሉ ብቻውን አይበቃም ነበር?

እዚህ ላይ የአዲስ አበባን አንድ ታሪክ ላንሳ። በዚያ በድምፅ አልባው ዘመን ከተማዋ ውስጥ የተከፈተውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ነበር የሚጠራው። ስሙ አይገርመኝም። ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጣችኋል። ግድግዳው ላይ ሰው ይስቃል፣ ሳቁ ግን አይሰማም። ፈረስ ይጋልባል፣ ኮቴው አይሰማም። የሚሰማው የማሽኑ ቀጭን ጩኸት ብቻ ነው። የሚንቀሳቀስ ግን ድምፅ የሌለው ሰው፣ ከጥላ ወይም ከሙት መንፈስ በምን ይለያል? ሙዚቃ ያንን ቅዝቃዜ ያሞቀዋል፣ የማሽኑንም ጩኸት ይሸፍናል። ጥላው ሰው ይሆናል።

እናም ልብ በሉ፤ ሙዚቃ ሲኒማ ቤት ሲገባ አንዱ ሥራው ፍርሃትን ማባረር ነበር። የአስፈሪ ፊልም አጃቢ የሚሠራው የዚህን ተቃራኒ ነው። የተባረረውን መልሶ ይጠራዋል።

ሙዚቀኛው ምን እንደሚጫወት በምን ያውቃል?

መንገዱ ብዙ ነው። የመጀመሪያውን ለማስረዳት አዝማሪ ቤት ልውሰዳችሁ። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ፊታችሁን ያያል። ማን እንደ ተኳረፈ፣ ማን ሞቅ እንዳለው፣ ማን አዲስ ሙሽራ እንደሆነ ይገባዋል። ከዚያ ግጥሙን እዚያው ይወልደዋል። ከባዶ ግን አይነሳም። ቅኝቱ፣ የለመደው ዜማ፣ ቤት መምቻው ሁሉ እጁ ላይ አለ። ፊልም የሚያጅብ ፒያኒስትም እንደዚያው ነው። እሱ የሚያነበው ፊት ስክሪኑ ላይ ያለው ነው። ፊልሙን አስቀድሞ አይቶት ሊሆን ይችላል። በድሮው ዘመን ግን ፊልሙ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር፣ ሳያየው ከተመልካቹ እኩል እየደነገጠ የሚጫወትም ነበር።

ሁለተኛው መንገድ የተዘጋጀ ሙዚቃን እየቆረጡ መቀጠል ነው። ፊልም አከፋፋዮች ከፊልሙ ጋር አንድ ወረቀት ይልካሉ። ወረቀቱ ላይ «ይህ ጽሑፍ ሲወጣ ይህን ሙዚቃ ለሁለት ደቂቃ፣ በሩ ሲከፈት ያንን» የሚል መመሪያ አለ። ለሙዚቀኞች ብቻ የታተሙ የኖታ ስብስቦችም ነበሩ። ኤርኖ ራፔ የተባለ ሙዚቀኛ በ1924 ያሳተመው መጽሐፍ ለ52 ዓይነት ስሜትና ሁኔታ የሚሆን ሙዚቃ ይዟል። በየገጹ ጠርዝ ላይ ማውጫው ተደርድሯል። ፒያኒስቱ በአንድ እጁ እየተጫወተ በሌላው ገጹን መግለጥ ይችላል። ሠርግ ከሆነ እዚህ፣ እሳት ከተነሳ እዚያ። ለምስጢርና ለፍርሃት የሚሆነው «ሚስቴሪዮሶ» ይባል ነበር፤ በቀስታ፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ እየተድበሰበሰ የሚሄድ ሙዚቃ ነው።

ይኸው ራፔ በ1921 ኒው ዮርክ በሚገኘው ካፒቶል ቴአትር ሌላ ታሪክ ሠርቷል። «የዶክተር ካሊጋሪ ካቢኔ» የተባለው የጀርመን ፊልም እዚያ ሲታይ፣ እሱና የቴአትሩ ኃላፊ ሳሙኤል ሮታፌል የተለመደውን ሙዚቃ አልፈለጉም። ፊልሙ ውስጥ ቤቱ የተጣመመ፣ መስኮቱ የተንጋደደ፣ ጥላው ራሱ በቀለም የተሣለ ነው። ለተጣመመ ቤት የተጣመመ ሙዚቃ ያስፈልጋል ብለው አዲስ መንገድ ከጀመሩት የዘመኑ አቀናባሪዎች፣ ከስትራቪንስኪ፣ ከፕሮኮፊየቭ፣ ከሾንበርግ ሥራዎች ቀነጫጨቡ። በዚያን ጊዜ ይህ ሙዚቃ ለብዙ ጆሮ እንግዳ ነበር። ትልቅ ድፍረት ነው ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛው መንገድ ለአንድ ፊልም ብቻ ተብሎ የሚጻፍ ሙሉ ድርሰት ነው። ውድ ስለሆነ ለትልልቅ ፊልሞች ብቻ ነበር። ወደ ፖስተሩ ሰውዬ የሚወስደን ይኸኛው ነው።

ያ ራሰ በራ ሰውዬ ማን ነው?

ካውንት ኦርሎክ ይባላል፤ ደም መጣጭ ነው። ፊልሙ «ኖስፌራቱ» ነው፤ በጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቪልሄልም ሙርናው ተዘጋጅቶ ማርች 4 ቀን 1922 በርሊን ውስጥ ተመረቀ። ሙዚቃውን ያቀናበረው ሃንስ ኤርድማን ነው። ከርዕሱ ሥር የተጻፈው ሁለተኛ ስም ራሱ ሙዚቃ ሙዚቃ ይላል፤ ወደ አማርኛ ስንመልሰው «የሰቀቀን ሲምፎኒ» እንደ ማለት ነው።

እስቲ አንዱን ትዕይንት ጠጋ ብለን እንየው። ሌሊት ነው። ኤለን የምትባለው ሴት ቤት ውስጥ ናት። ኦርሎክ ደረጃውን ይወጣል። እኛ ግን እሱን አናየውም። የምናየው ግድግዳው ላይ የወደቀውን ጥላ ብቻ ነው። የጎበጠ ጀርባ፣ የተዘረጋ ጣት፣ የሾለ ጥፍር። ጥላው በሩ ጋ ሲደርስ እጁ ይረዝማል። ቀጥሎ የእጁ ጥላ በሴትየዋ ነጭ ልብስ ላይ ይሄድና ደረቷ ላይ ሲደርስ ይጨበጣል። ልቧን የጨበጠው ይመስላል። እሷም ትንፈራገጣለች።

ይህን በምን ታጅቡታላችሁ? ቀላሉ መንገድ ከመጀመሪያው ደረጃ ጀምሮ ፒያኖውን መደብደብ ነው። ጎበዝ አጃቢ ግን እንደዚያ አያደርግም። ጥላው ሲታይ ከፒያኖው ግራ ጫፍ ሁለት ወፍራም ድምፆችን ይዞ በጣም በቀስታ ሊያንቀጠቅጣቸው ይችላል። በሙዚቃ ቋንቋ ይህ ትሬሞሎ ይባላል። የማሲንቆ ተጫዋች ደጋኑን እዚያው ላይ ቶሎ ቶሎ ሲያመላልሰው የሚወጣውን ድምፅ አስቡት። ዜማ የለውም፤ መንቀጥቀጥ ብቻ ነው። ጆሮ ዜማ ሲያጣ የሚይዘው ያጣል። ጥላው ከፍ ሲል ድምፁም በትንንሽ እርከን ከፍ ከፍ ይላል። ወደ ማረፊያው የሚሄድ ይመስላል፤ አያርፍም። እጁ ደረቷ ላይ ሲደርስ ደግሞ ሙዚቃው ቀጥ ይላል።

ጸጥታ። ጥላው ይጨበጣል።

አዳራሹ ውስጥ ማንም አይስልም። አየሩን የያዘው ያ ጸጥታ ነው። ከዚህ በፊት ከአንድ ሰዓት በላይ ያልተቋረጠ ሙዚቃ ባይሰማ ኖሮ ግን ጸጥታው ምንም አይሆንም ነበር። ቤት ውስጥ ሲጮህ የቆየ ፍሪጅ ድንገት ሲጠፋ ቀና የምንለው ለዚህ ነው።

ሌላም ዘዴ አለ፤ ሰዓቱን ማዛባት። ሙዚቃው ከምስሉ ትንሽ ቀድሞ ከጨለመ ተመልካቹ ባለታሪኩ ያላወቀውን ያውቃል፤ «አትግቢ!» ማለት ያምረዋል። ምስሉ አስፈሪ ሆኖ ሙዚቃው የዋህ የልጆች ዜማ ሆኖ ከቀጠለ ደግሞ የባሰ ይሰቀጥጣል።

ኦርጋን ሲባል የትኛው ኦርጋን?

እኛ ኦርጋን የምንለው ሠርግ ቤትና ባንድ ውስጥ የምናየውን ኪቦርድ ነው። እዚህ የሚወራው የቧንቧ ኦርጋን ነው። ሌላ ፍጡር ነው። አየር በማሽን እየተነፋ በመቶዎችና በሺዎች በሚቆጠሩ ቧንቧዎች ውስጥ ያልፋል። እያንዳንዱ ቧንቧ እንደ አንድ ዋሽንት ነው፤ አጭሩ ይቀጥናል፣ ረዥሙ ይወፍራል። የትልልቅ ካቴድራሎች ረዥሙ ቧንቧ ቁመቱ ወደ 10 ሜትር ይጠጋል። የሚያወጣው ድምፅ በሴኮንድ 16 ጊዜ ያህል የሚርገበገብ ነው። የሰው ጆሮ በደንብ መስማት የሚጀምረው ከ20 አካባቢ ስለሆነ ያንን ድምፅ ከመስማት ይልቅ በደረታችሁና በወንበሩ ትቀበሉታላችሁ። ፊልሙ ላይ መቃብር ሲከፈት እግራችሁ ሥር ያለው ወለል የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ኦርጋኒስቱ ያንን ቧንቧ ነክቶታል ማለት ነው።

ሲኒማ ቤቶች ደግሞ የራሳቸውን ዓይነት አሠርተው ነበር። ዉርሊትዘር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በዚህ ይታወቃል። ሐሳቡ አንድ ሰው ብቻውን ኦርኬስትራ እንዲሆን ነው። አንዱን ቁልፍ ሲነካ ከበሮ ይመታል፣ ሌላውን ሲነካ ደወል፣ የወፍ ድምፅ፣ የፈረስ ኮቴ ወይም የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። እነዚህ የውሸት አይደሉም። ግድግዳው ውስጥ በተደበቀ ክፍል እውነተኛ ከበሮና እውነተኛ ደወል ተሰቅሎ በአየር ኃይል ይመታል።

ኦርጋንና አስፈሪ ፊልም ለምን እንደ ተጋቡ ለማየት የ1925ቱን «የኦፔራው መንፈስ» ማየት ይበቃል። ሎን ቼኒ የሚጫወተው ጭምብል ያጠለቀ ሰው ከኦፔራ ቤቱ ሥር ባለ ዋሻ ውስጥ ተቀምጦ ኦርጋን ይጫወታል። ዘፋኟ ክሪስቲን በስተኋላው ቀስ ብላ ትጠጋለች። እጇን ትዘረጋለች፣ ትሰበስባለች፣ እንደገና ትዘረጋለች። ከዚያ ጭምብሉን ትነጥቀዋለች። ፊቱን ከእሷ ቀድመን የምናየው እኛ ነን፤ ወደ ካሜራው ዞሮ አፉን ከፍቶ።

አዳራሹ ውስጥ ያለው ኦርጋኒስት እዚህ ላይ ልዩ ዕድል አለው። እስካሁን ሙዚቃው የእሱ ነበር። አሁን ግን ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው ጣቶች ቁልፉ ላይ ናቸው፤ ድምፁም ከዚያው የሚመጣ ይመስላል። ጭምብሉ ሲነጠቅ የሰውየው እጅ ከቁልፉ ይነሳል። ስለዚህ የአዳራሹ ኦርጋኒስትም እጁን ማንሳት ይኖርበት ይሆን? ወይስ ሁሉንም ቁልፍ በክንዱ ተጭኖ አዳራሹን ማናወጥ? ሁለቱንም የሚያደርጉ አሉ። እኔ የሚቆመውን እመርጣለሁ። ፊቱ ብቻውን ይበቃል።

ምስሉና ሙዚቃው እንዴት እኩል ይሄዳሉ?

ለብቻው ለሚጫወት ሰው ነገሩ ቀላል ነው፤ ዓይኑን ከስክሪኑ አይነቅልም። ኦርኬስትራ ሲሆን ግን ስልሳ ሰው በአንድ ልብ መቆምና መነሳት አለበት። ዛሬ ብዙ ጊዜ መሪው ፊት ለፊት ትንሽ ስክሪን ይቀመጣል። በላዩ ላይ የሰዓት ቁጥር ይሮጣል፤ ወሳኝ ቦታ ሲደርስ መስመር አቋርጦ ያልፋል ወይም ብርሃን ብልጭ ይላል። አንዳንዶቹ በጆሮ ማዳመጫ ምት ይሰማሉ። ይህን ሁሉ ትተው በዓይናቸው ብቻ የሚመሩም አሉ።

በድሮው ዘመን ከዚህ የሚከብድ ነገር ነበር፤ የፊልሙ ፍጥነት። የያኔ ካሜራ በእጅ ይዞር ስለነበር ፍጥነቱ ወጥ አልነበረም። በሲኒማ ቤቱም ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ሊያፈጥነው ወይም ሊያዘገየው ይችላል። «ኖስፌራቱ» በሴኮንድ 18 ምስል ሲታይ 94 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ያንኑ በድምፅ ፊልም ፍጥነት፣ በ24 ምስል፣ ብታስሮጡት ወደ 70 ደቂቃ ይወርዳል። ሃያ አራት ደቂቃ ሙዚቃ ተረፈ ማለት ነው። የድሮ ፊልም ላይ ሰዎች እንደ ጉንዳን ቱር ቱር ሲሉ የምናየው በዚሁ የተነሳ ነው። ፊልሙ ያለ ልኩ ተሯሩጦ እንጂ የያኔ ሰው እንዲያ አይራመድም ነበር።

ታዲያ የመጀመሪያው ሙዚቃ የት ገባ?

አብዛኛው ጠፍቷል። የኤርድማንም እንደዚያው። «ኖስፌራቱ» የተሠራው «ድራኩላ» ከተባለው የብራም ስቶከር ልብ ወለድ ያለ ፈቃድ ተወስዶ ነው። የደራሲው ባለቤት ፍሎረንስ ስቶከር ከሰሰች። አምራቹ ድርጅት ቀድሞ ከስሮ ነበር። በ1925 የጀርመን ፍርድ ቤት የፊልሙ ቅጂዎች እንዲጠፉ አዘዘ። ፊልሙ የተረፈው ውጭ አገር ተበትነው በቀሩ ቅጂዎች ነው። የሙዚቃው ሙሉ ኖታ ግን አልተገኘም። የተረፈው ኤርድማን ከዚያ ሥራ ለይቶ ያሳተመው የተወሰነ ክፍል ነው። በኋላ የመጡ ሙዚቀኞች ከዚያ ተነስተው የጎደለውን እየሞሉ መልሰው አቀናብረውታል።

ሙያውም አብሮ ሊጠፋ ነበር። በ1927 መጨረሻ የሚናገርና የሚዘፍን ፊልም አሜሪካ ውስጥ ተወዳጅ ሆነ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሲኒማ ቤቶቹ ድምፅ ማጉያ ገጠሙ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሙዚቀኞች ሥራ አጡ። ማታ ማታ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲያስለቅስና ሲያስደነግጥ የኖረ ባለሙያ በአንድ ክረምት «አታስፈልግም» ተባለ። ይህን ሳነብ ሁሌ ያሳዝነኛል። ለዚያ ጥበብ ብዙ ትምህርት ቤት አልነበረም። የሚወርሰው ሲጠፋ ከባለሙያዎቹ ጣት ጋር ነው የሚቀበረው።

ሁሉም ግን አልተቀበረም። በወጣትነቱ ድምፅ አልባ ፊልም ያጅብ የነበረው አሜሪካዊው ኦርጋኒስት ጌይሎርድ ካርተር ፊልሞቹ እንደገና መታየት ሲጀምሩ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ በ2000 በ95 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ብዙዎች ከእሱ ሰምተዋል። ጣሊያን ውስጥ በፖርዴኖኔ ከተማና አካባቢዋ ከ1982 ጀምሮ በየዓመቱ የድምፅ አልባ ፊልም ፌስቲቫል ይካሄዳል፤ የዛሬ አጃቢዎች መናኸሪያ ነው። ከቦስተን አካባቢ የተነሳው አሎይ ኦርኬስትራ ደግሞ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የቆርቆሮና የብረት ቁርጥራጭ እየደበደበ ለብዙ ዓመታት ፊልም ሲያጅብ ነበር። ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ግን የሚሰማው የፋብሪካ ያህል ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ ትክክለኛው ሙዚቃ የትኛው ነው?

ኢንተርኔት ላይ «ኖስፌራቱ»ን ብትፈልጉ በርካታ ቅጂ ታገኛላችሁ። አንዱ በኦርኬስትራ፣ አንዱ በኤሌክትሪክ ጊታር፣ ሌላው ማን እንደለጠፈው በማይታወቅ ከፊልሙ ጋር በማይገናኝ ፒያኖ። ብዙ ሰው የመጨረሻውን አይቶ «የድሮ ፊልም ይሰለቻል» ይላል። ፊልሙን ግን ገና አላየውም። ያየው ግማሹን ነው።

ለታሪክ ቅርብ የሚባለው ከኤርድማን ተነስቶ የተቀናበረው ነው። ለሌላው ሁሉ ግን በሩ ክፍት ነው፤ ከመጀመሪያውም ፊልሙ የተሠራው በየአዳራሹ ሌላ ሙዚቃ ሊሰማ እንደሚችል ታውቆ ነው። በራሳችሁ ሞክሩት። የደረጃውን ትዕይንት ፈልጉና ድምፁን አጥፉት። አንዴ ከበገና ጋር እዩት፣ አንዴ ከሞቅ ያለ የሠርግ ዘፈን ጋር። ጥላው ያው ጥላ ነው። በሠርጉ ዘፈን ግን ሙሽራ ሊሰርቅ የመጣ ሚዜ ሊመስላችሁ ይችላል።

ወደ አዳራሽ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ጠብቁ። ፊልሙ ውስጥ ያለው የደም መጣጮች መጽሐፍ እንደሚለው፣ ኦርሎክን የምታጠፋው ሴት የመጀመሪያውን የዶሮ ጩኸት ልታስረሳው ይገባል። ኤለን ይህን አንብባ መስኮቱን ትከፍትለታለች። ሲነጋ ዶሮው ይታያል፤ ይጮኻል። ኦርሎክ ቀና ይላል። ግን ረፍዷል፤ ፀሐይ መስኮቱ ላይ ደርሳለች።

የታሪኩ መቋጫ በአንድ ድምፅ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ፊልሙ ደግሞ ድምፅ የለውም። አንዳንድ ሙዚቀኛ በክላሪኔት ወይም በኦርጋን ቧንቧ ዶሮውን ያስጮኸዋል። አንዳንዱ ያን ቅጽበት እጁን ያነሳል። ዶሮው አንገቱን ሰግጎ አፉን ይከፍታል፤ አዳራሹ ጸጥ ይላል፤ ጩኸቱን ጆሮአችሁ ራሱ ይሞላዋል።